በ«ኢንሻአላህ» የተሸፈነ «አይሆንም»

ሥራ ፈልጎ ወረቀቱን ያስገባ ሰው መልስ የማግኘት ሐቅ አለው። «ተቀብለንሃል» መባሉ ሐቁ ላይሆን ይችላል፤ ቦታው አንድ፣ አመልካቹ መቶ ሲሆን ዘጠና ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው የማይቀር ነው። «አልተቀበልንህም» መባሉ ግን ሐቁ ነው። ይህን ሐቅ ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ የግል ድርጅቱም፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በመስጊዳችን የመጀመሪያው ሰፍ ላይ የማናጣቸው ነጋዴዎቻችንና የእኛው መድረሳዎች ጭምር እየበሉት ነው። «እየበሉት» ያልኩት አውቄ ነው። የሚበላው የሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ዕድሜም ይበላል።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያላነበበ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። አጻጻፉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። ልጁ ከቻግኒ ወይም ከጃዊ በመኪና ተንገላቶ በ11ኛው ቀን ጠዋት ቢደርስ መዝጋቢዋ «ትናንት ተዘግቷል» ትለዋለች። ሕግ ነውና እንቀበላለን። ግን ለአመልካቹ እንዲህ የተቆረጠ ቀን ሲኖረው ለቀጣሪው ለምን ቀን አይኖረውም? ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚለጠፍ፣ ቦታው መቼ እንደሚያዝ በዚያ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ያየ ካለ ይንገረኝ። የማይመለሰው ፎቶ ኮፒው ብቻ አይደለም፤ መልሱም አይመለስም።

አንድ ልጅ አውቃለሁ። ቁርኣን ያስቀራሁት እኔ ስለሆንኩ እንደ ልጄ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም። በ2014 ዓ.ም. በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ቴምፖውን ይዞ ወደ ዳንግላ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው ማስታወቂያ ተመዝግቦ ተፈተነ። ሲወጣ «ውጤቱን ደውለን እናሳውቃችኋለን» ተባለ። በዚያው ሰሞን አንድ የጨርቅ ነጋዴ የሱቁን ሒሳብ እንዲይዝለት ጠይቆት ነበር። ደመወዙ ትልቅ አልነበረም፤ ደመወዝ ግን ነበር። አባቱ፣ «ሊጠሩህ ነው፤ ጀምረህ ከወር በኋላ ብትተውበት ሰውየውን ማጉላላት ነው» ብሎ ከለከለው። ይህን አባት ልብ በሉልኝ። ከብት ከመሸጥ በቀር የመሥሪያ ቤት ወግ የማያውቅ ሰው፣ ገና ያልተጀመረን ሥራ በመሐል ማቋረጥ ነውር ሆኖ ታየው።

እናትየዋ የስልኩ ጠባቂ ሆነች። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ካለው ሱቅ ወስዳ ታስሞላዋለች። ልጁ ለሶላት ሲሄድ ስልኩን ለእሷ ሰጥቶ ይሄዳል። አንድ ጁሙዓ የማታውቀው ቁጥር ቢደውል እስከ መስጊዱ በር ሮጣ ኹጥባው መሐል ልታስጠራው ምንም አልቀራትም ነበር። የተሳሳተ ጥሪ ነበር። ጓደኞቹ ፋግታ ለኮማ ወርደው የዲከረንስ ከሰል ሲያከስሉና ሲጭኑ (ዛፉን በሽታ ከገባበት ወዲህ ያም እንጀራ ቢቀንስም) እሱ አብሯቸው አልወረደም። የሚጠራበት ቀን አይታወቅማ። «ነገ ቢደውሉስ?» ይላል። የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦችም «ሥራው ይለይለት» ብለው ኒካሑን አቆዩት።

ከ14 ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ እንጅባራ ሄዶ በዚያው መሥሪያ ቤት በር ላይ አብሮት የተፈተነ ልጅ አገኘ። ባጅ አንጠልጥሏል። «መቼ ገባህ?» አለው። «ከፈተናው በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነዋ! አልሰማህም እንዴ?»

የተበደለው ባለመመረጡ አይደለም። ያኛው በልጦት ይሆናል፤ አላህ ይባርክለት። በደሉ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያሉት 13 ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት አንድ ሰው፣ አንድ ደቂቃ ወስዶ፣ ማመልከቻው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ቢደውል ኖሮ ልጁ የሱቁን ሥራ ይይዝ፣ ትዳሩንም ይመሠርት ነበር። የደወለ የለም። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ማንም አላሰበውም።

ይህን ለአንድ የቅጥር ኮሚቴ አባል ለነበረ ወዳጄ ባጫውተው፣ «ኡስታዝ፣ ለ300 ሰው ደውለን እንዘልቀዋለን እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው፣ አመልካቹ በዝቷል። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥቂት ስለነበር መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ሰው ወደ ፈለገበት ሳይሆን ወደ ተላከበት ስለሚሄድ ያም የራሱ በደል ነበረው፤ ሆኖም የት እንደተመደበ ይነገረዋል፣ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ አንዱ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚቀበለው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ነው። የሚመረቀው በዝቶ ቦታው እንዳነሰ ማንም አይክድም። ነገር ግን ለ300 ሰው ደውሉ ያለ ማን ነው? ማስታወቂያውን የለጠፋችሁበት ሰሌዳ እዚያው አለ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት መስመር፦ ቦታው በዚህ ቀን ተይዟል፣ ያመለከታችሁትን እናመሰግናለን። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ የተረፈው ሙጫ ይበቃዋል። ዛሬ ደግሞ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይወጣል፤ የጠራችሁበት መንገድ ለመሰናበቻም ያገለግላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ውሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ መንገዱም ሲዘጋ ያልደረሰንን መልስ አንጠይቅም፤ ያ ዑዝር ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለው ዝምታ ግን ዑዝር የለውም።

ዝምታው ሌላም ነገር ይሸፍናል፤ ሳልናገረው ባልፍ እዋሻለሁ። ማን በስንት ነጥብ እንዳለፈ ካልተለጠፈ፣ ማን በዘመድ እንደገባ ማን ያውቃል? የወደቀ ሰው መውደቁን ሳያውቅ በምን ላይ አቤት ይላል? «ሰው አለህ?» የምትለው የአገራችን ጥያቄ ሥር የሰደደችው ውጤት በማይለጠፍበት በር ላይ ነው።

ሕጉም ቢሆን ጊዜን አይንቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከእርሱ በፊት በነበረው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። እንግዲህ ደመወዝ እየተከፈለው ለሚፈተነው ሠራተኛ ወሰን ከተበጀ፣ ሳንቲም ሳይከፈለው በር ላይ ለሚፈተነውማ ምን ያህል ይገባው ነበር? በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥራ ፈላጊዎችን በኮምፒውተር መመዝገቡ ደግ ነው። ነገር ግን መዝገብ ውስጥ መግባት ሌላ፣ መልስ ማግኘት ሌላ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። መሥሪያ ቤቱ «እንደውላለን» ይላል፤ የእኛ ሰው ደግሞ «ኢንሻአላህ» ይላል። ወጣቱ ወደ ሐጂ እገሌ ሱቅ ሄዶ ሥራ ይጠይቃል። ሐጂ ሊቀጥሩት አላሰቡም፤ «የለኝም ልጄ» ለማለት ግን አፈሩ። ስለዚህ «እናያለን፣ ኢንሻአላህ» ይሉታል። ልጁ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ «ኢንሻአላህ»። ይኸው ለአንድ ዓመት ተኩል ሲደጋገም የታዘብኩት አለ። በመካከላችን ይህች የተከበረች ቃል «አይሆንም» ለማለት ድፍረት ያጣ ሰው መደበቂያ ሆናለች። ልጆቻችንም ይህን ተረድተውታል። አንዱ ተማሪዬ በቀደም ዕለት ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ኡስታዝ፣ ኢንሻአላህ ካሉኝ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።» ሳቅን። በኋላ ግን ሳቄ አሳፈረኝ።

ይህች ቃል በሱረቱል ከህፍ የመጣችው በምን ሰበብ ነበር? የሲራው ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ እንደዘገበው ቁረይሾች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ዋሻው ወጣቶች፣ ስለ ዙልቀርነይንና ስለ ሩሕ ጠየቋቸው። እሳቸውም «ኢንሻአላህ» ሳይሉ ነገ እንደሚመልሱላቸው ነገሯቸው። ወሕዩ 15 ቀን ዘገየ፤ የመካ ሰዎችም ወሬ አበዙ። መልሱ ሲመጣ ነገ ይህን አደርጋለሁ ስትል አላህ ከሻ በል የሚለውም ትምህርት አብሮ መጣ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ቃሊቱ የወረደችው በዘገየ መልስ ምክንያት ነው። መልሱ በመዘግየቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳዘኑ ተዘግቧል፤ ጠያቂዎቹ ደግሞ ሊያሳፍሯቸው የመጡ ባላንጣዎች ነበሩ። ለባላንጣ የተሰጠ ቀጠሮ ቢያስጨንቃቸው፣ እኛ ለገዛ ወንድማችን ልጅ የሰጠነው ቀጠሮ እንዴት እንቅልፍ አይነሣንም? ኢንሻአላህ ማለት «አደርገዋለሁ፣ አላህ ከፈቀደልኝ» ማለት ነው። የማያደርገውን አስቦ የሚላት ሰው በአላህ ስም ቀጠሮ እያፈረሰ ነው።

ለቀጣሪ ምሳሌ የሚሻ ሱረቱል ቀሰስን ይክፈት። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ማንም የማያውቃቸው ስደተኛ ነበሩ። የድጋፍ ደብዳቤ የለ፣ ዘመድ የለ። ለሁለቱ እህትማማቾች መንጋቸውን አጠጡላቸውና ጥላ ሥር ተቀምጠው ጌታቸውን ለመኑ። ወዲያው አንደኛዋ በሐያእ እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠሯቸውና የድካማቸውን ዋጋ ሊከፍሏቸው እንደሚሹ ነገረቻቸው። ሽማግሌው (ብዙ ሙፈሲሮች ሹዐይብ ናቸው ይላሉ፤ ቁርኣኑ ግን ስማቸውን አልጠራም) ሐሳባቸውን በግልጽ አስቀመጡ፦ ከሁለቱ ሴት ልጆቼ አንዷን እድርልሃለሁ፣ ዘመኑ 8 ዓመት፣ 10 ብትሞላው ከአንተ በጎነት ነው፣ ላስቸግርህም አልሻም። ቁጥሩ ታወቀ፣ ግዴታው ተለየ፣ ሁለቱም አላህን ምስክር አደረጉ። እንግዳው «ቆይ፣ እናያለን» አልተባለም።

«ሶብር አድርግ፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው» የሚል ምክር ከእኔም አፍ ብዙ ጊዜ ወጥቷል። ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን መልሱ ያለው በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍም በሰው እጅ ነው። ሶብር ከአላህ ለመጣ ፈተና ነው። ለሰነፍ ጸሐፊና ለፈሪ ነጋዴ መሸፈኛ ካደረግነው ሶብርን ራሱን እናረክሳለን። ደግሞም ምክሩን የሚሰጠው ሁልጊዜ ደመወዙ የማይቋረጥበት ሰው መሆኑ ይገርመኛል።

ለልጆቻችን ፈጥኖ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ደላላው። ደላላ «እንደውላለን» አይልም። ማታ ትጠይቀዋለህ፣ ጠዋት «ተዘጋጅ» ይልሃል፤ የመኪናውን ቀን፣ የሚሸኝህን ሰው፣ የሚከፈለውን ብር ይነግርሃል። አብዛኛው ውሸት ነው፤ ግን መልስ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዝምታ የጠጣ ወጣት ከእውነተኛ ዝምታ ይልቅ ሐሰተኛ መልስ ይጥመዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ከአውሮፕላን የወረዱትን ልጆች በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። በዚያው ዓመት በጥቅምት መንግሥት ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳውም እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ደላላው ግን አንድ ቀን አላረፈም። በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ይወስድ ነበር፤ ሱዳን በ2015 ዓ.ም. በጦርነት ከተናጠች በኋላም ወሬው አልቆመም። ልጆቹን የሚገፋቸው ድህነቱ ብቻ ይመስለናል። የተመላለሱበት በር ዝምታም ይገፋቸዋል።

እናንተ ወላጆችም ብትሆኑ በዚህ ነገር ላይ እጃችሁ አለበት። ልጁ ወረቀት ባስገባ ማግስት ጎረቤቱን ሁሉ «ሊገባ ነው» ብላችሁ ታሰማላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ ቢይዝ ለእናንተ ውርደት ይሆንባችኋል። ተውት፣ ይሥራ። ሱቅ ይጠብቅ፣ ከሰል ይጫን፣ ልጆች ያስጠና። ከተጠራ «ቀድሞ የያዝኩት አለ፣ ይህን ያህል ቀን ስጡኝ» ይላል፤ ነውር የለበትም። ደግሞም ሲያመለክት «ውጤቱ መቼ ይነገራል?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሰጠውን ቀን በደብተሩ ይጻፍ። ያ ቀን ሲያልፍ ራሳችሁ አብራችሁት ሂዱና ጠይቁ። አባት ልጁን ይዞ ሲቆም ጸሐፊዋም መሳቢያዋን ትከፍታለች።

ይህን ሁሉ ስናገር ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ የማገለግልበት መድረሳ አንድ አስተማሪ ፈልጎ ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ወረቀታቸውን አመጡ፤ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ። አንዱን ወሰድን። የአሥሩን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ረሳሁትም። ከአሥሩ አንዷ በሰፈራችን የምትኖር ልጅ ናት። ባገኘችኝ ቁጥር በትሕትና ትጠይቀኛለች። «ተይዟል» ለማለት ፊቷን እያየሁ አቃተኝ። «ኢንሻአላህ፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል» አልኳት። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አልኳት። ኮሚቴው ሥራውን ከጨረሰ ቆይቷል።

በመጨረሻ ከሌላ ሰው ሰማች። መጥታ አልተቆጣችኝም። «ኡስታዝ፣ ደሴ ያለችው አክስቴ ከእሷ ዘንድ መጥቼ እንዳስተምር ጠርታኝ ነበር» አለችኝ። «የእርስዎን እየጠበቅኩ እምቢ አልኳት። የዚያን ቀን አይሆንም ቢሉኝ እኮ አልቀየምዎትም ነበር።» ሰላምታ ሰጥታኝ ሄደች። ያን ዕለት ዐስርን ስሰግድ ምን እንደቀራሁ አላውቅም።

በማግሥቱ ፌስታሉን አወጣሁ። የስልክ ካርድ ሞልቼ በየተራ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ ጀምሬ መግሪብ ሳይደርስ ጨረስኩ፤ ካርዱም አላለቀም። እንግዲህ 300 ሰው በዛ የሚለን መሥሪያ ቤት ለእኔ አሥሩ እንኳ ስንት ጊዜ በዝተውብኝ እንደነበር ይስማና ይታዘበኝ። አንዱ «ዛሬ ነው እንዴ የምትነግሩኝ?» ብሎ ዘጋብኝ፤ ሐቁ ነው። አንዱ ማመልከቱን ረስቶታል። አንዲት እናት ልጇ አገር ለቆ መሄዱን ነገረችኝ፤ ወዴት ብዬ አልጠየቅኳትም። የቀሩት አመሰገኑኝ። ወረቀታቸውንም መልሼላቸዋለሁ፤ የማይመለስ ፎቶ ኮፒ የሚባል ነገር የለም፣ መሳቢያውን መክፈት ብቻ ነው።

አንዱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ስልኩ ዝግ ነው፤ ሦስት ቀን አከታትዬ ሞክሬያለሁ። ወረቀቱ ላይ አድራሻው ዳንግላ ይላል፤ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ተጅዊድ መማሩንም ጠቅሷል። ወንድሜ፣ ይህ መጽሔት ከእጅህ ከገባ ቦታው በዚያው ወር ተይዟል። ወረቀትህ እኔ ዘንድ ነው፤ ከዙህር በኋላ መድረሳው ውስጥ አልጠፋም።